ሚዛኑ አልንቀሳቀስ አለ፣ ሜትሩ ግን ቀነሰ፤ የትኛውን ልመን?

መድረክ፦ ጤናና እንቅስቃሴ › ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች

የአራተኛ_ፎቅ_ነዋሪ
ጥር 19 ቀን 2017፣ ምሽት 2፡10

ሰላም እህቶቼ። ዕድሜዬ 47፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያውል የሒሳብ ሥራ ነው። ከመስከረም ወዲህ ማለዳ ማለዳ እራመዳለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ከሥራ መልስ ጂም እገባለሁ። መስከረም ላይ 92 ኪሎ ነበርኩ፤ ዛሬ 91 ነኝ። ይህን ሁሉ ላብ አፍስሼ አንድ ኪሎ!

አሰልጣኙ ሚዛኑን አይቶ «አልለፋሽም» አለኝ። ሆዴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ እንድሮጥም መከረኝ። ባለቤቴ ለጂሙ የምከፍለውን ገንዘብ ማስላት ጀምሯል። እናቴ በበኩሏ ገና ከበር ስታየኝ «ምነው ከሳሽ? ምን አገኘሽ?» ብላ ተጨነቀች።

ደብተሬ ላይ ያለው ይህ ነው፦
መስከረም፦ ክብደት 92 ኪሎ፣ ወገብ 108 ሳንቲ ሜትር፣ ዳሌ 119
ጥር፦ ክብደት 91፣ ወገብ 103፣ ዳሌ 118

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ድሮ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር። አሁን አስቤዛ ይዤም ሳልቆም እወጣለሁ። ታዲያ ሚዛኑን ልመን ወይስ ሜትሩን?

ነጭ_ጋዋን
ጥር 19 ቀን 2017፣ ምሽት 3፡02

እህቴ፣ እናትሽ ከአሰልጣኙ የተሻለ ዓይን አላቸው። በስኳርና በደም ግፊት ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ።

ሚዛን ጠቅላላውን ክብደት ብቻ ነው የሚያውቀው። ስብ ይሁን፣ ጡንቻ ይሁን፣ ውኃ ይሁን አይለይም። ክብደትን በኪሎ ወስደን ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ስናካፍል የሚገኘው ቁጥር መስከረም ላይ 35.9 ነበር፤ አሁን 35.5 ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ 30 እና ከዚያ በላይ ውፍረት ስለሚባል፣ በዚያ መለኪያ የትም አልተንቀሳቀስሽም። የስሌቱ መነሻ ግን የቤልጂየሙ የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያወጣው ነው። ሰውየው ሐኪም አልነበረም፤ የሚፈልገውም የሕዝብን አማካይ እንጂ የአንዲትን ሴት ጤና አልነበረም።

አሁን ወገብሽን እንመልከት። ለሴቶች ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲሆን የልብና የስኳር ሕመም ስጋት ይጨምራል፣ ከ88 በላይ ሲሆን ደግሞ በጣም ይጨምራል። ወገብ ለዳሌ ሲካፈል ለሴት ከ0.85 በታች ቢሆን ይመረጣል። አንቺ ከ0.91 ወደ 0.87 ወርደሻል። የቀነስሽው ይበልጡን ከወገብሽ እንጂ ከዳሌሽ እንዳልሆነ ልብ በይ፤ ክፉው ስብ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚጠራቀመው ነውና ትልቁ ዜና ይህ ነው። እንቅስቃሴ ክብደት ሳይቀንስ እንኳ ይህን ስብ እንደሚያቀልጥ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ስለ ዕድሜሽም አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ በማረጥ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ውጤቱ እንዳሳየው ወደ ማረጥ የሚወስደው ሽግግር ሲጀምር ስብ የሚጨምርበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፤ ጡንቻ ያለበት የሰውነት ክፍል ደግሞ መቀነስ ይጀምራል። ይህ የወር አበባ ሙሉ በሙሉ ከቆመ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው የሚረጋው። ክብደታቸው ግን በዚያ ወቅት የተለየ ዝላይ አላሳየም። በአንቺ ዕድሜ ሚዛን ዝም ብሎ ሳለ ሰውነት ውስጥ ብዙ ነገር ይለዋወጣል፤ ወደ ክፉም ወደ ደጉም።

ፕላስቲኩን ጣዪው። የሚወጣው ውኃ ነው፣ ማታ ስትጠጪ ይመለሳል። ደም ግፊት ላለባት ሴት ደግሞ አደገኛ ነው።

እውነት_መራራ
ጥር 19 ቀን 2017፣ ምሽት 3፡40

ይቅርታ አድርጉልኝና ደስታውን ላቀዝቅዘው። እኔም 51 ዓመቴ ነው፣ እኔም ወፍራም ነኝ፤ ስለዚህ «አትፍረጂብን» የምትለኝ እንዳትኖር።

አንደኛ፣ 103 ማለት ከ88 በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለተኛ፣ ወገብን በራስ እጅ መለካት የታወቀ ማታለያ ነው። ሜትሩን ትንሽ ጠበቅ፣ ሆድን ትንሽ ሳብ፣ አለቀ፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ተገኘ። እርስ በርሳችን እየተጨበጨብን ስኳራችን ሲጨምር የምናይበት መድረክ እንዲሆን አልፈልግም። ማን ለካሽ? የት ላይ? ጠዋት ነው ማታ?

የአራተኛ_ፎቅ_ነዋሪ
ጥር 19 ቀን 2017፣ ምሽት 3፡51

ራሴው ነኝ የለካሁት። እምብርቴ ላይ። መስከረም ላይ ማታ፣ አሁን ጠዋት። ጥያቄሽ ተገቢ ነው።

የሽሮ_ሜዳው_ልብስ_ሰፊ
ጥር 20 ቀን 2017፣ ጠዋት 1፡25

በሴቶች መድረክ ገብቼ ካጠፋሁ ይቅርታ፤ ባለቤቴ ናት ይህን ያሳየችኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ ነገር ግን በሕይወቴ የለካሁትን ወገብ የለካ ሐኪም አላውቅም።

እምብርት አይታመንም። ሰው ሲወፍር እምብርት ይወርዳል፤ ሲከሳ ደግሞ ከፍ ይላል። ስለዚህ መስከረምና ጥር ላይ አንድ ቦታ አልለካችሁም ማለት ነው። እኛ ሰፊዎች ወገብ የምንለው በጣም የጠበበውን ቦታ ነው፣ ቦርጭ ባላት ሴት ላይ ግን ያ ቦታ አይገኝም። አጥንት ነው ምልክቱ። ከጎን በኩል የመጨረሻውን የጎን አጥንት በጣት ፈልጉ፤ ቀጥሎ የዳሌውን አጥንት ጫፍ ፈልጉ፤ መካከላቸው ላይ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጉ። ሜትሩ በዚያ ላይ ከመሬት ጋር እኩል ተጋድሞ ይዙር፤ ከኋላ እንዳይወርድ ሌላ ሰው ይይላችሁ። ትንፋሽ በዝግታ ወጥቶ ሲያበቃ ይነበባል። ቆዳን ይንካ እንጂ አይጫን። ዳሌ ደግሞ መቀመጫ በጣም በሰፋበት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። በቀሚስ ላይ፣ ይልቁንም በመቀነት ላይ የተለካ ወገብ ወገብ አይደለም። የጨርቅ ሜትርም ሲያረጅ ይለጠጣል፤ እኛ የምንለውጠው ለዚህ ነው። የተለጠጠ ሜትር ሁልጊዜ የቀጠናችሁ ያስመስላል።

ደግሞ «ሱሪዬ ያው ነው፣ ስለዚህ አልወፈርኩም» የምትሉ አላችሁ። ሱሪው ያው የሆነው ቀበቶው ከቦርጩ ሥር ወርዶ ስለሚታሰር ነው።

ነጭ_ጋዋን
ጥር 20 ቀን 2017፣ ጠዋት 2፡05

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የነገሩን ቃል በቃል የዓለም ጤና ድርጅት አለካክ ነው። እኛ ጤና ጣቢያ ውስጥ እንኳ በዚህ ጥንቃቄ የሚለካ ጥቂት ነው። በሥልጠናችን ሜትር የምናነሳው ብዙውን ጊዜ የሕፃናትንና የነፍሰ ጡሮችን ክንድ ለመለካት፣ ማለትም መቀጨጭንና ምግብ እጥረትን ለማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 22 በመቶ የሚሆኑት ከሚገባው በታች ቀጭን፣ 8 በመቶ ደግሞ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ነበሩ። በከተማ ግን ከአምስት ሴቶች አንዷ ናት። አገሪቱ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ተሸክማለች፤ ጤና ጣቢያው ግን እስካሁን የሚያየው አንዱን ነው።

ባለ_ፈውስ_ሻይ
ጥር 20 ቀን 2017፣ ጠዋት 3፡30

[መልእክቱ በአወያይ ተሰርዟል]

አወያይ
ጥር 20 ቀን 2017፣ ጠዋት 3፡44

ቦርጭ ማጥፊያ ሻይ እዚህ አይሸጥም። ሻይ እሸጣለሁ ብሎ በውስጥ መስመር የሚጽፍላችሁ ካለ አሳውቁን።

ጉልበቴ_ይሰማኛል
ጥር 20 ቀን 2017፣ ከቀኑ 6፡50

ስለ ሜትሩ ተባለ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። 54 ዓመቴ ነው፣ 98 ኪሎ። ባለፈው ሕማማት ስግደቱን ግማሽ ላይ አቋርጬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከመሬት መነሳት አቃተኝ፤ ልጄ ናት በብብቴ ይዛ ያነሳችኝ። ወገቤ ስንት እንደሆነ ማንም አይጠይቀኝም፣ መነሳት አለመቻሌን ግን መላው ቤተ ክርስቲያን አየው። በዚህ ጉልበት እንቅስቃሴ መጀመር ይቻላል?

ፊዚዮ_ነኝ
ጥር 20 ቀን 2017፣ ምሽት 1፡15

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ከዚህ በላይ ትክክለኛ ጥያቄ እስካሁን አልተጠየቀም።

እትዬ፣ ስግደት ማለት ከመሬት መነሳት ነው፤ ከመሬት መነሳት ደግሞ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ጉዳይ ነው። ጉልበትዎ የሚያመው ክብደቱን ስለተሸከመ ብቻ ሳይሆን ጭንዎ ስላላገዘው ጭምር ነው። ለዚያም ከመሬት አይጀመርም፤ ከወንበር ይጀመራል።

መለኪያውም እዚያው ነው። የጀርባ መደገፊያ ያለው፣ ከመሬት 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚርቅ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ላይ ያስደግፉ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደሚነሱና እንደሚቀመጡ ይቁጠሩ። በእጅ ተደግፎ መነሳት አይቆጠርም። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላሉ ሴቶች ከ12 በታች ከአማካይ በታች ይባላል። እናንተ ገና እዚያ አልደረሳችሁም፤ ስለዚህ 12 ለእናንተ ትንሹ ነው።

ሁለተኛው የስድስት ደቂቃ ጉዞ ነው። 30 ሜትር የሚሆን ደልዳላ ቦታ ለኩ፤ የኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ ይበቃል። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሳትሮጡ የቻላችሁትን ያህል ተመላለሱና ርቀቱን ጻፉ። መጽሐፍ ላይ ካለው የውጭ አገር ቁጥር ጋር አታወዳድሩት፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ሳስቷል። ከራሳችሁ የቀድሞ ቁጥር ጋር ብቻ። በ30 ሜትር ገደማ ከጨመራችሁ ትርጉም ያለው ለውጥ ነው።

ስለ ጉልበት አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ጉልበታቸው በአርትራይተስ የተጎዳ ወፍራም ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ቀንሷል። ጥቂት ኪሎ ለሚዛን ምንም ባይመስልም ለጉልበት ብዙ ነው።

መሣሪያ አይግዙ። ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ውኃ ሲሞላ አምስት ኪሎ ነው፤ ለመጀመሪያ በግማሽ ይሙሉት። ግድግዳ ገፍቶ መመለስ፣ ከወንበር መነሳት፣ ጀሪካኑን ከወገብ እስከ ደረት ማንሳት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። የተቀረውን በእግር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። መጠነኛ ማለት እየሄዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ሆድን ብቻ ለይቶ የሚያከሳ እንቅስቃሴ ግን የለም፤ ጋደም እየተባለ የሚሠራው የሆድ ስፖርት ጡንቻውን ያጠነክራል እንጂ በላዩ ያለውን ስብ አይነካም።

ደረት ላይ ሕመም፣ ማዞር፣ ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ዘምዘም_ከኮልፌ
ጥር 20 ቀን 2017፣ ምሽት 2፡30

እትዬ ጉልበቴ፣ አብሽሩ። እኔም ሰላት ወንበር ላይ እየሰገድኩ ነበር የቆየሁት። ከሱጁድ መነሳቱ ነው የሚያስቸግረው፤ ከወንበር መነሳቱን ስለማመድ በመጨረሻ መሬት ተመለስኩ፤ አልሐምዱሊላህ። ክብደቴ ብዙም አልቀነሰም። የሴቶች ብቻ ሰዓት ያለው ጂም ፈልጌ አጣሁ፤ ቤት ውስጥ በጀሪካኑ ነው የሠራሁት።

ታሪክ_ወዳድ
ጥር 20 ቀን 2017፣ ምሽት 4፡10

ልብስ ሰፊው ስለ ሱሪ ሲያነሱ የለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ትዝ አሉኝ። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ብሪታንያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጥናት ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱት ሾፌሮች የልብ ሕመም የሚይዛቸው ፎቅና ምድር እየተመላለሱ ትኬት ከሚቆርጡት ረዳቶች ይበልጥ መሆኑን አሳየ። ተቺዎች «ምናልባት ሾፌሮቹ ሲቀጠሩም ወፍራም ነበሩ» አሉ። ቡድኑም በ1956 የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ መዝገብ አገላብጦ ወጣ፤ እውነትም ሾፌሮቹ ወገባቸው ሰፋ ያለ ነበር። ሆኖም ተመሳሳይ ወገብ ያላቸው ሲነጻጸሩም የረዳቶቹ ልብ የተሻለ ነበር። ጥናቱ በወንዶች ላይ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ወገብና ብቃት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከአንድ የልብስ ስፌት መዝገብ ያወጡበት መንገድ ደስ ይለኛል።

እውነት_መራራ
ጥር 20 ቀን 2017፣ ምሽት 4፡35

ታሪኩ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ «ወፍራምም ብሆን ደረጃ እወጣለሁ» ብሎ ዘይት ማንቆርቆር አይቻልም። ደረጃ መውጣት ስኳርን ብቻውን አይመክትም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው ትልቁ ስኳር መከላከያ ጥናት በሽታውን በ58 በመቶ የቀነሰው እንቅስቃሴንና ክብደት መቀነስን አብሮ በመያዝ ነው፤ ዒላማውም ከክብደት 7 በመቶ ነበር። ለ92 ኪሎ ሴት ስድስት ኪሎ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ሚዛኑን ከነጭራሹ ወደ ሰገነት አትወርውሩት።

ነጭ_ጋዋን
ጥር 21 ቀን 2017፣ ጠዋት 1፡50

እዚህ ላይ ከእውነት_መራራ ጋር ነኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ነው ጉዳዩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሽሮ ሲሠራ ዘይቱ በማንኪያ አይለካም፣ ከጀሪካኑ በቀጥታ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነውና «በጾም እከሳለሁ» የምትሉ ተጠንቀቁ። እስከ ከቀኑ 9 ሰዓት ቆይታችሁ በዳቦ፣ በፓስታና በዘይት በሰከረ አልጫ ብትፈቱት ወገባችሁ ፋሲካን ሰፍቶ ይቀበላል። ምስሩን፣ ሽምብራውንና ባቄላውን አብዙ፤ ጡንቻን የሚጠብቀው እሱ ነው። ጾሙ ዘይት አይከለክልም፣ ሰው ግን ይህን እንደ ፈቃድ ወስዶታል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ጥር 21 ቀን 2017፣ ምሽት 3፡20

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ በየሳምንቱ የሚወሰደው የክብደት መቀነሻ መርፌ፣ ሴማግሉታይድ፣ የሐበሻ ሴቶች ወሬ ሁሉ ሆኗል። ይሠራል፣ አልዋሽም፤ በትልቁ ጥናት በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ክብደት ቀንሷል። እኔም በሐኪም ትእዛዝ ወሰድኩ። ነገር ግን ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል። ሚዛኑ ሲወርድ ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ፣ እኔ ግን የሸመታ ቦርሳዬን ማንሳት ከበደኝ። ክብደት ማንሳት ከጀመርኩ በኋላ ነው ነገሩ የተስተካከለው። አገር ቤት ያላችሁ በሻንጣ የመጣ መርፌ ያለ ሐኪም እንዳትወጉ፤ በረዶ ውስጥ መቆየት የነበረበት መድኃኒት በሻንጣ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም ብዬ ተቆጥቻለሁ፣ አሁንም እቆጣለሁ።

ነጭ_ጋዋን
ጥር 21 ቀን 2017፣ ምሽት 3፡41

ትንሽ ላርም፦ በረዶ ውስጥ ሳይሆን በማቀዝቀዣ ውስጥ። በረዶ ከሠራ ይበላሻል። ቁጣሽን ግን እጋራለሁ።

የአራተኛ_ፎቅ_ነዋሪ
ጥር 24 ቀን 2017፣ ምሽት 1፡30

ልብስ ሰፊው ባሉት መሠረት አዲስ ሜትር ገዛሁ፤ ጎረቤቴ አጥንቱን ፈልጋ ምልክት አድርጋ ጠዋት በባዶ ሆድ ለካችኝ። 104 ሆነ። አንድ ሳንቲ ሜትር ጨመረብኝ፣ ግን የቀደሙት ሁለቱ በእምብርት የተለኩ ስለሆኑ ከእንግዲህ መነሻዬ ይህ ነው። የቁመቴ ግማሽ 80 ነው፤ እዚያ መድረስ እሩቅ ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ይሁን እንደሚል ከዚሁ መድረክ አንብቤያለሁ።

ከወንበር መነሳቱን 11 ጊዜ አደረግሁ። እውነት_መራራ ትስቅብኛለች። በመኪና ማቆሚያው 15 ዙር፣ 450 ሜትር። አሰልጣኙን ወረቀቱን አሳየሁት፤ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለ። ፕላስቲኩን ከእንግዲህ እንደማልጠቀም ነገርኩት።

እውነት_መራራ
ጥር 24 ቀን 2017፣ ምሽት 1፡48

አልሳቅሁም። እኔ ዘጠኝ ነው ያገኘሁት። 104ን ግን ተቀብያለሁ፤ ሌላ ሰው የለካው ነውና።

ፊዚዮ_ነኝ
ጥር 24 ቀን 2017፣ ምሽት 2፡20

11 እና ዘጠኝ ሁለቱም ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ይህ ቁጥር ከሚዛን ፈጥኖ ነው የሚንቀሳቀሰው። በየሳምንቱ አትለኩ፤ ወገብን በወር አንድ ጊዜ፣ ከወንበር መነሳቱንና ጉዞውን በሁለት ወር አንድ ጊዜ ይበቃል። የወር አበባ ያላችሁ ከወሩ በተመሳሳይ ወቅት ላይ ለኩ፤ ሆድ የሚነፋባቸው ቀናት አሉ።

ዘምዘም_ከኮልፌ
ጥር 24 ቀን 2017፣ ምሽት 2፡55

ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ተቀራርቦ ሊገባ ነው። ስኳር አለብኝ፣ ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። ጉዞውን መቼ ላድርገው?

ነጭ_ጋዋን
ጥር 24 ቀን 2017፣ ምሽት 3፡10

ዘምዘም፣ ግሊቤንክላማይድ ስኳርን በጣም ዝቅ ሊያደርግ የሚችል መድኃኒት ነው፤ በጾም ሆድ ከእንቅስቃሴ ጋር ሲደመር ሊጥልሽ ይችላል። ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪምሽን አግኝና የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት፣ መጾም ትችዪ እንደሆነም አብራችሁ ወስኑ። ከተፈቀደልሽ ጉዞው ከኢፍጣር በኋላ ይሁን፣ ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት አይሁን። መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ከተሰማሽ ወዲያው ጾሙን ፍቺና ጣፋጭ ውሰጂ። ቤትሽ ውስጥ ስኳር መለኪያ አለሽ?

ዘምዘም_ከኮልፌ
ጥር 24 ቀን 2017፣ ምሽት 3፡14

መለኪያው አለ፣ የሚገባበት ወረቀት ግን አልቋል። ነገ እገዛለሁ፤ ሐኪሜንም ሰኞ አገኘዋለሁ።